ሰማዩ እስኪጠራ

ባሌ ስለ አየር ጠባይ ማውራት የጀመረው ሰኞ ከሰዓት ነው። በደንብ አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም ከተጋባን ጀምሮ ሰውዬው ቀና ብሎ ሰማይ ሲያይ አይቼው አላውቅም። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ላይ በረዶ እየጣለ በሸሚዝ ወጥቶ፣ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ነው «ብርድ ነው እንዴ?» የሚለው። ያን ሰኞ ግን ኢስተን ካለው ሆቴል፣ ከምሠራበት የልብስ ማጠቢያ ክፍል ወጥቼ ፎረስት ፓርክ ያለው ቤታችን ስደርስ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ባሕሩ በኩል ከባድ ንፋስ ሊነሳ ነው» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«የቱ ባሕር?»

«ወንድምሽ ያለበት ነዋ። ሳምንቱን ሙሉ ነው የሚሉት። ዊንድ አድቫይዘሪ፣ የንፋስ ማስጠንቀቂያ አውጥተዋል። ወደ ከተማው የሚያሻግረውን ድልድይ ሊዘጉት ይችላሉ አሉ።»

ሻንጣዬ በሩ አጠገብ ቆሟል። በማግስቱ፣ ማክሰኞ ማልደን ተነስተን ሆስፒታል የተኛውን ወንድሜን ልንጠይቅ ነበር። ከሆቴሉ ፈቃድ ያገኘሁት በስንት ልመና ነው። መንጃ ፈቃድ ቢኖረኝም ከቤት እስከ ሥራ ነው የምነዳው፤ ሃይዌይ እፈራለሁ፤ ተራራ የሚያቋርጥ ሃይዌይ ደግሞ በሕልሜም አልነዳም። ስለዚህ መሄድና አለመሄዴ በባሌ እጅ ነበር።

ወንድሜ ታላቄ ነው፤ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። በወጣትነቱ አሰብ ድረስ ከባድ መኪና ይነዳ ነበር፤ ያኔ ያየው ባሕር ከልቡ አልወጣም። አሜሪካ ሲመጣም ሰው ሁሉ ወደሚሄድበት አልሄደም። ቨርጂኒያ ባሕር ዳርቻ ላይ ሐበሻ በጣት በሚቆጠርባት ከተማ ገብቶ፣ ከአንድ ጓደኛው ጋር ቤት ተከራይቶ ተቀመጠ። «ዘመድ በሌለበት ምን ትሠራለህ? ኮሎምበስ ናልኝ» ስለው፣ «ውሃው አለ» ይለኛል። ሚስት አላገባም፣ ልጅ አልወለደም። በዚህ ምድር ላይ የሥጋ ዘመዱ እኔ ብቻ ነበርኩ።

እንደ ሹፌር ሁሉ ወሬው የሚጀምረው ከመንገድና ከሰማይ ነው። ሌላው ሰው «ጤና ነሽ ወይ፣ ልጅቷስ፣ ባልሽስ» ብሎ ሲጨርስ፣ እሱ ገና «እናንተ ጋ እየዘነበ ነው?» እያለ ነው። በመጨረሻ የደወለልኝ ቅዳሜ ዕለት፣ ከሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ነበር። ልቡ ደክሟል ብለውታል። ድምፁ ቀጥኗል፤ ወሬው ግን ያው ነው።

«ጠዋት ጭጋግ ነበር» አለኝ። «አሁን ፀሐይ ወጥቷል። ከሰዓት ደግሞ ዝናብ አለ ይላሉ። የዚህ አገር ሰማይ በሚያዝያ ቃል የለውም።»

«ማክሰኞ እንመጣለን፤ አየሩ ትንሽ ይስተካከል ብዬ ነው እንጂ ነገም በመጣን» አልኩት።

«ሰማዩ ይጥራ ብለሽ አትጠብቂ። የባሕር ዳር ሰማይ ተጠብቆ አይጠራም። ጃኬት ያዢና ነይ።»

እሺ አልኩት። ከዚያ በኋላ አላወራንም።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሞቷል። ባሌ ስለ ንፋሱ ሲነግረኝ ወንድሜ ከሞተ ግማሽ ቀን አልፎታል። ጓደኛው የደወለው ለእኔ ሳይሆን ለባሌ ነው፤ ወጉ እንደዚያ ነውና። ባሌም የነገረው ለእኔ ሳይሆን ለጋሼ ነው። ጋሼ የምንላቸው ፒከሪንግተን ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ፣ የማኅበራችን ሽማግሌ ናቸው፤ ሰው ሲታመም የሚጠይቁ፣ ባልና ሚስት የሚያስታርቁ፣ መርዶ የሚያረዱም እሳቸው ናቸው። መርዶ ደግሞ እንደ ነገሩ አይነገርም። ሰው መሰብሰብ አለበት፣ ሴቶች መኖር አለባቸው፣ ማለዳ መሆን አለበት። የኮሎምበስ ሐበሻ ግን ግማሹ ዌርሃውስ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ሌሊት ይሠራል፣ ግማሹ ቀን ይነዳል፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ሁሉም ከሥራ ኦፍ የሚሆንበት ማለዳ ሲፈልጉ እሑድን አገኙ። ከሰኞ እስከ እሑድ እኔን የሚያቆይ ነገር ደግሞ ያስፈልጋቸው ነበር። ባሌ ሰማዩን አገኘ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ሳምንት የማውቀው፣ ወንድሜ አልጋ ላይ ሆኖ እንደሚጠብቀኝና አየሩ እንዳልተመቸን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጋሼ ደወሉልኝ። እሳቸው ለእኔ መደወላቸው ራሱ ያልተለመደ ነበር። «ልጄ፣ ዌስት ቨርጂኒያ ተራራው ላይ ጭጋጉ መኪና አያሳይም አሉ» አሉኝ። «ትንሽ ታገሺ። መንገድ የትም አይሄድም።» እንደተከበርኩ ተሰምቶኝ አመሰገንኳቸው። ሽማግሌው ለእኔ መንገድ ሲጨነቁ ውለዋል ብዬ ለባሌ ስነግረው፣ ተነስቶ ወደ ጋራዡ ሄደ። ከዚያ ሳምንት በፊት ጋራዥ ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው አላውቅም።

ለወንድሜ ስደውል ስልኩን የሚያነሳው ጓደኛው ነው።

«ዶክተሮቹ አታናግሩት ብለዋል» አለኝ።

«አንድ ቃል ብቻ። እህቱ ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ እትዬ። ንፋሱ ጋብ ሲል ትመጪ የለ? ያኔ ታገኚዋለሽ።»

ይህንን ሰው እስካሁን ይቅር አላልኩትም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼዋለሁ። ግን «ያኔ ታገኚዋለሽ» ያለኝን ቃል ስንቴ አዙሬ አዙሬ እንዳየሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ረቡዕ ኮሎምበስም አበደች። ጠዋት ፀሐይ ነበር፤ ምሳ ሰዓት ላይ በረዶ ወርዶ የሆቴሉን ደጃፍ አበቦች ደቆሳቸው፤ ከሰዓት ደግሞ መልሶ ሞቀ። መንገዱ ስለቀረ ሥራ ገብቼ ነበር። አብራኝ የምትሠራ የአገራችን ሴት አለች፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ያን ቀን ከባዱን የፎጣ ጋሪ ከእጄ ነጥቃ እሷ ገፋችው። ምሳዬን ይዤ ሳለ የራሷን ምሳ አወጣችና ከፊቴ አስቀመጠች። «ብዪ፣ አቅም ያስፈልግሻል» አለችኝ።

«ለምኑ?»

«ለመንገዱ ነዋ። ንፋሱ ሲያልፍ መሄድሽ አይቀር።»

እሷም ታውቅ ነበር። ፒከሪንግተን ያውቅ ነበር፣ ፎረስት ፓርክ ያውቅ ነበር፣ ከሱቁ እንጀራ የሚሸጥልኝ ልጅ ሳይቀር ያውቅ ነበር። ከተማው በሙሉ የወንድሜን ሞት ይዞ ስለ ንፋስ ሲያወራኝ ከረመ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

ሐሙስ ስልኬን ከፍቼ የወንድሜን ከተማ አየር ቼክ አደረግሁ። የዝናቡ ምልክት ጠፍቷል። ዓርብ ላይ ጥርት ያለች ፀሐይ ተቀምጣለች። እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ስልኬን ይዤ ባሌ ፊት ቆምኩ።

«ነገ ፀሐይ ነው። እንሂድ።»

የራሱን ስልክ አሳየኝ። እሱ ጋ ዓርብ ዝናብና ንፋስ ነው። «ስልክሽ ይሳሳታል» አለኝ። ሁለቱን ስልኮች ጎን ለጎን ይዤ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን አየሁ። በኋላ ነው የገባኝ፤ እሱ ያሳየኝ የሌላ ከተማ አየር ነው። ባሌ ያን ሳምንት ዝናብ ያለበት ከተማ ፍለጋ የባሕሩን ዳርቻ ከላይ እስከ ታች ሲያስስ ነበር የከረመው። አንዱ ሲያባራ ወደ ሌላው ይዞር ነበር። ለእኔ ምሳ ሊገዛ እንኳ ያን ያህል ተግቶ አያውቅም።

በዚያው ሐሙስ አመሻሹ ላይ ልጃችን መጣች። እዚሁ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማር፣ አማርኛ ሰምታ በእንግሊዝኛ የምትመልስ ልጅ ናት። በሳምንቱ መሀል መጥታ አታውቅም። በሩ ላይ አቅፋ ያዘችኝና አልለቀቀችኝም። ከዚያ ስልኮቹን ጠረጴዛው ላይ አየቻቸው፣ አባቷን አየችው፣ ፊቷ ተለዋወጠ።

«ማም፣ ጀስት ጎ» አለችኝ። «ፎርጌት ዘ ዌዘር። አይል ድራይቭ ዩ። ራይት ናው።» አየሩን ተዪው፣ አሁኑኑ እኔ ልንዳልሽ ማለቷ ነው።

«አንቺ ዝም በይ» አላት አባቷ።

«ዲስ ኢዝ ሮንግ፣ ዳድ። ዩ ኖው ኢት ኢዝ።»

ልክ አይደለም ያለችው ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኋትም። የጠረጠርኩት፣ አባትና ልጅ ሁልጊዜ እንደሚጣሉት ተጣልተው ነው ብዬ ነው። «አባትሽ ስለ መንገድ ያውቃል» አልኳት፤ «በዚህ ዝናብ ተራራ ላይ አንቺን ምን ብዬ ነው የምከተልሽ?» ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ብዙ ቆይታ ነው ሞተሩን ያስነሳችው። በዚያ ሳምንት እውነት ሊነግረኝ የሞከረ አንድ ሰው ነበር፤ እሷም ልጄ ናት፤ በአማርኛ ስላልተናገረችና ልጅ ስለሆነች ማንም አልሰማትም።

ያን ዕለት ምን ተፈጥሮ እንደነበር ልናገር፤ ከሁሉም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። ባሌ እስከ ሐሙስ ድረስ ሬሳው ወደ አገር ቤት ይላካል ብሎ ያምን ነበር። ወረቀቱ እስኪያልቅ ቀናት ይፈጃል፤ መርዶውን እሑድ ሰምታ ትደርሳለች ብሎ ነበር ያሰበው። ሐሙስ ከሰዓት ጓደኛው ደውሎ ሌላ ነገር ነገረው። ወንድሜ ከመሞቱ በፊት አደራ ብሎ ነበር፤ እዚያው ባሕሩ አጠገብ ቅበሩኝ ብሎ። ቀብሩ ዓርብ ነው። ባሌ ተደናግጦ ለጋሼ ደወለ። ጋሼም አሰቡበትና፣ «ደም ግፊት ያለባት ሴት ናት፤ በጥድፊያ አርድተናት መኪና ውስጥ ብትወድቅብንስ? ቀብሩ ቢያመልጣት ይሻላል» አሉ። አንድ ሽማግሌና አንድ ባል ተመካክረው፣ ወንድሜን እንዳልቀብር ወሰኑ። ልጃችን ይህንን ከአባቷ አፍ ሰምታ ነው በሳምንቱ መሀል የመጣችው።

ዓርብ ኮሎምበስ ፀሐይ ነበር። ሥራ ቦታ አንሶላ ሳጥፍ ዋልኩ። በዕረፍት ሰዓት ስልኬን ሳየው የወንድሜም ከተማ ፀሐይ ነው፤ ንፋስ የለም። ተናደድኩ። ባሌን ልቆጣ ደወልኩለት፤ አላነሳም። ለጓደኛው ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ይህ ሰው ስልኩን ለምን ይዘጋል ብዬ ለእትዬ ስነግራት፣ አንሶላውን ጥላ ወደ መታጠቢያ ቤት ሄደች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። የሳሙናው ሽታ ነው አለችኝ።

ቅዳሜ ቤቱን ሳጸዳ ዋልኩ። ወንድሜን ስናመጣው ይተኛበታል ብዬ ያሰብኩትን የእንግዳ ክፍል አልጋ አነጠፍኩ። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ሲያየኝ ነበር።

እሑድ ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ባሌ ለብሶ ተቀምጦ ነበር፤ ሌሊቱን አልተኛም መሰለኝ። ከፈተላቸው። ጋሼ ከፊት፣ እትዬ ከኋላቸው፣ ከዚያ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ከዚያ የዌርሃውስ ልብሳቸውን ያላወለቁ ወንዶች ገቡ። ሁሉም ግድግዳውን ይዘው ቆሙ። ጋሼ ሳሎኑ መሀል ተቀመጡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ወደ መስኮቱ አዩ።

«ዛሬስ አየሩ ጥሩ ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ስለ አየር አይንገሩኝ» አልኳቸው። ሌላ ማንም ምንም ሳይል ያኔ አወቅሁ። «መቼ ነው?»

«ልጄ፣ እግዚአብሔር የሰጠውን…»

«መቼ ነው ያልኩት።»

«ሰኞ።»

ሴቶቹ ዋይታቸውን ጀመሩ። ራሴን እንዳልመታ ሁለቱን እጆቼን ይዘውኛል። እኔ ግን አላለቀስኩም። ስለ ሰኞ ሳይሆን ስለ ቀብሩ ማወቅ ፈለግሁ።

«የት ነው ያለው? ዛሬ ብንነሳ እንደርሳለን?»

የሚያለቅሱት አቆሙ። ባሌ ወለሉን ያያል።

«ዓርብ ተቀብሯል» አለ በመጨረሻ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እኔ ቤት እውነቱ እንደ ሰባራ ወንበር ጋራዥ ውስጥ ተደብቆ ከርሞ፣ ከሁሉም ሰው በኋላ ነው ወደ ሳሎን የገባው። ስልኬን ስጡኝ አልኩ። አንሰጥም አሉ፤ ስታለቅስ ትጥለዋለች አሉ። እትዬ ናት በመጨረሻ የሰጠችኝ። ለወንድሜ ጓደኛ ደወልኩ። ድምፄን ሲሰማ ማልቀስ ጀመረ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ» አልኩት። «ዓርብ ዕለት አየሩ እንዴት ነበር? ዘንቦ ነበር? ንፋስ ነበር? ድልድዩን ዘግተውት ነበር?»

«የለም እትዬ» አለኝ። «ፀሐይ ነበር። ሞቅ ብሎን ሁላችንም ኮታችንን አውልቀን ነበር።»

ከዚያ በኋላ አለቀስኩ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። «እንኳንም መንገድ ላይ አልሰማሽ» አሉኝ። «እንኳንም ሬሳውን አላየሽ» አሉኝ። «ሁሉም ለአንቺ ታስቦ ነው» አሉኝ። በአገራችን ወሬውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ይዞ በመጣ ሰው ሲቀለድ «ለቀባሪው አረዱት» ይባላል። እኔ ያን ቀልድ ተመኘሁት። ምነው ቀባሪው እኔ ሆኜ፣ እነሱ አርፍደው መጥተው፣ እኔ በእነሱ በሳቅሁ።

ሰው ሲበተን ባሌ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

«ላንቺ ብዬ ነው» አለኝ። «እንዳትወድቂብኝ ፈርቼ ነው።»

«ብወድቅስ?» አልኩት። «ወንድሜ መቃብር ላይ ልውደቅ። ምን አገባህ?»

ባሌ ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህም ራሱ ያናድደኛል። ክፉ ቢሆን ጥዬው እሄድ ነበር። ያደረገው አባቱ ያደረገውን፣ ያባቱም አባት ያደረገውን ነው። ያ ወግ ግን ሰው ሁሉ አንድ ሰፈር በሚኖርበት፣ ቀብር ያለ ዘመድ በማይወጣበት አገር የተሠራ ወግ ነው። እዚያ ቢደብቁሽም ሬሳው ይጠብቅሻል። እዚህ ሬሳውም ቀጠሮ አለው፣ መርዶ ነጋሪዎቹም የሥራ ሺፍት አላቸው። ይህንን ያሰበ ሰው አልነበረም።

ከአርባው በፊት ልጄን ጠራኋት። «ውሰጂኝ» አልኳት። አንድም ቃል ሳትጠይቅ መጣች። ባሌ በሩ ላይ ቆሞ አየሩን ቼክ አድርጌያለሁ ሊል አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። እኔ የእሱን ፊት አላየሁም፤ ሻንጣዬን ራሴ ጫንኩ።

ተራራው ላይ ጭጋግ ነበር። ከሱ በኋላ ፀሐይ ወጣ። ወደ ባሕሩ ስንቀርብ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ መስታወቱን ይቀጠቅጠው ጀመር። ረጅሙ ድልድይ ላይ ስንደርስ ንፋሱ መኪናዋን ወደ ጎን ይገፋታል፤ ልጄ መሪውን ግጥም አድርጋ ይዛ ቀስ እያለች ነዳች። ከፊታችንም ከኋላችንም መኪና ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው፣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ድልድዩ ክፍት ነበር።

የወንድሜ መቃብር ላይ ገና ድንጋይ አልቆመም፤ ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳ ብቻ አለ። ባሕሩ ከዚያ ይታያል ብለውኝ ነበር፤ በዝናቡ ምክንያት ምንም አይታይም። ልጄ ጃንጥላ ልትይዝልኝ መጣች፤ ተይኝ አልኳት። ተንበርክኬ፣ ጭቃውን በእጄ እየነካሁ፣ ወንድም ጋሼ መጣሁ አልኩት። ጃኬት ይዣለሁ አልኩት። ዘገየሁ አልኩት። ያለቀስኩት እስኪበቃኝ ነው፤ ማንም እጄን አልያዘኝም፣ አልወደቅሁምም።

ልነሳ ስል ስልኬ ጮኸ። ባሌ ነው። ከፀጉሬ የሚወርደው ውሃ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ልብሴ ገላዬ ላይ ተጣብቆ አነሳሁት።

«ደረሳችሁ?» አለኝ።

«ደርሰናል።»

«አየሩስ እንዴት ነው?»

«ፀሐይ ነው» አልኩትና ዘጋሁት።